ባቡርና አንበሳ በትንሽ ብር

ነሐሴ ለወላጅ ክፉ ወር ነው። ገበያው በዝናቡ ይቀዘቅዛል፤ ቤት የዋሉ ልጆች «ውሰዱን» ይላሉ፤ የመስከረም መመዝገቢያ፣ የደንብ ልብስና ደብተር ደግሞ ከፊት ተደቅኗል። ልጁ ባቡርና እንስሳ የሚወድ ከሆነ ግን የአዲስ አበባ ወላጅ ብዙም አይጨነቅ።

የከተማው ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ዛሬ ጨምሯል፤ ቢሆንም ከኮንትራት ታክሲ ጋር አይወዳደርም። ከአያት ተሳፍሮ ስታዲየም መውረድ ለልጅ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ከዚያ ለገሃር በእግር ይደረሳል። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በጣቢያው ፊት የተተከለውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጣሊያኖች ሮም ወስደውት ኋላ ተመልሷል። ይህን ለልጅ መተረክ አያስከፍልም።

ሕያው አንበሳ ማየት ለሚሻ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ አለ። መግቢያው ከባቡሩ ቲኬት ብዙ እጥፍ ስለሆነ ዋጋውን አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። በግ ተራ ግን ቲኬት አይቆረጥም፤ ልጅ በጉን ይዳስሳል፣ አባትም የዕለቱን ዋጋ ሰምቶ ይመለሳል።

ኪስ የሚያራቁተው ቲኬቱ ሳይሆን ምሳው ነው። ምሳ ከቤት ይቋጠር፤ ዣንጥላም አይረሳ።