ለጊዜው የገዛኋት መኪና

በስደት ዓለም ከሁሉ አብዝተን የምንጠራት ቃል የትኛዋ ናት ብትሉኝ «ለጊዜው» እላችኋለሁ። ለጊዜው የተከራየናት ክፍል፣ ለጊዜው የገባንበት ሥራ፣ ለጊዜው ከወዳጅ የተዋስናት ፍራሽ። አገር ቤት ሲረጋጋ እንገባለን እያልን ሻንጣችንን ሳንፈታ ስንት ዓመት የቆጠርን አለን! በመሐሉ ልጅ ይወለዳል፣ ልጁም ትምህርት ቤት ይገባል፣ «ለጊዜው» የተባለችው ክፍልም የልጁ ትውልድ ቦታ ሆና ትቀራለች።

የእኔዋ «ለጊዜው» መኪና ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2008 ቨርጂኒያ ውስጥ በርካሽ የገዛኋት የ1999 ሥሪት ክራውን ቪክቶሪያ ናት። ፖሊስ ሲገለገልባት ኖሮ በጨረታ ያሰናበታት ነበረች። ወዳጆቼ «ከፖሊስ ሸሽቶ መጥቶ የፖሊስ መኪና ገዛ» እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ። እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ የግል ጋዜጣ ላይ ስሠራ የፖሊስ መኪና በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ቁልፏ ከእኔ ኪስ ገባ። አውራ ጎዳና ላይ ከኋላቸው ስደርስ ደንግጠው ፍጥነት የሚቀንሱት ነጂዎች ብዛታቸው!

«ስድስት ወር ብታገለግለኝ ይበቃኛል» ብዬ ስለገዛኋት ዘይቷን በሰዓቱ አልቀየርኩም፣ ባትሪዋንም አላስመረመርኩም። በ2009 መኸር ላይ ቁልፉን ስጠመዝዝ «ቀጭ» ብላ ዝም ማለት ጀመረች። ሁለተኛ ስሞክር ትነሣለች። ነገ አገሩ የሚገባ ሰው ምን አስጨነቀው? ዝም አልኳት።

ከጋዜጣ ጸሐፊነት ወደ ጋዜጣ አዳይነት

ያን ጊዜ ቀን ቀን የማስትሬት ዲግሪዬን እማር ነበር። እንጀራዬ ግን የሚጋገረው ሌሊት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት እነሣለሁ፤ ጋዜጣ ከሚራገፍበት መጋዘን ድርሻዬን ተቀብዬ፣ እያንዳንዱን በላስቲክ ከረጢት ከትቼ፣ ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እወረውራለሁ። ለጋዜጣ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ጋዜጣ ወርዋሪ ሆንኩ። ስንቶቻችሁ በዚሁ ሥራ እንዳለፋችሁ አውቃለሁና ማማረሬ አይደለም። ሥራው ግን አንድ ክፉ ነገር አለው፤ መኪናው የራስህ ነው። መኪናህ ካልተነሣ ያንተ ሕመም እንጂ የማንም አይደለም። ተተኪ ሰው ፈልገህ ከኪስህ ትከፍላለህ፣ ከደጋገምክ ደግሞ መሥመሩ ለሌላ ይሰጣል።

የ2010ሩ በረዶ

በዚያ ዓመት ዋሽንግተንና አካባቢዋ የነበረ ሰው የሚረሳው አይመስለኝም። ፌብሩዋሪ 5 እና 6 ቀን የወረደው በረዶ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ 82 ሴንቲ ሜትር ያህል ተለካ፤ ይህም ወደ አዋቂ ሰው ወገብ የሚጠጋ ነው። ሦስት ቀን ሳይሞላው ሌላ ማዕበል ደረበበት። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለአራት የሥራ ቀናት ተዘጉ። መኪናዬም አርሊንግተን፣ ኮሎምቢያ ፓይክ አጠገብ ካለው አፓርታማችን ማቆሚያ ላይ መቃብር መስላ ተቀበረች።

ዓርብ ፌብሩዋሪ 12 ቀን በአካፋ ቆፍሬ አወጣኋት። ቁልፉን ጠመዘዝኩ፤ «ቀጭ»። ደገምኩ፤ «ቀጭ»። መስከረም ላይ ያለችኝን ነው የምትደግምልኝ፤ ልዩነቱ አሁን ሁለተኛ ሙከራ የሚባል አለመኖሩ ነው። ከመጋዘኑ ተደወለልኝ። የእሑዱ ጋዜጣ ከሳምንቱ ሁሉ ወፍራሙና ብዙው ነው፤ እሑድ ካልተገኘሁ መሥመሩ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ተነገረኝ። የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ቀን እየመጣ ነው። ጋራዥ ላስጎትታት ብል የጎታቹ ዋጋ ብቻ የመኪናዋን ግማሽ ሊያህል ነው።

ያን ጊዜ ነው ወደ ጋሼ የደወልኩት። ጋሼ በአገር ቤት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሃያ ዓመት በመካኒክነት የሠሩ፣ እዚህ ደግሞ መሐል ዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ የነበሩ የስድሳ ዓመት ሰው ናቸው።

«ሞተሪኖ ነው»

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት መጡ። ኮፈኗን ከመክፈታቸው በፊት አካፋውን ተቀብለው ወደ ኋላዋ ሄዱና የጭስ ማውጫዋን ጠረጉ። «ይህ ሳይጠረግ ሞተር አይነሣም» አሉኝ። ትክክል ናቸው። በረዶ የደፈነው የጭስ ማውጫ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዝ ወደ መኪናው ውስጥ ይመልሰዋል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ማሞቂያ ከፍቶ የተቀመጠውን ሰው እንቅልፍ እንደወሰደው ይገድለዋል።

ከዚያ «መብራት አብራና ቁልፉን ጠምዝዝ» አሉኝ። አደረግኩት። መብራቱ ሳይደክም «ቀጭ» ብቻ አለች። «ባትሪ ቢሆን መብራቱ ይሞት ነበር። ሞተሪኖ ነው» ብለው ፈረዱ።

እዚህ ላይ የእኔ የተማረ ሰውነት ተጋለጠ። መለዋወጫ መደብር በእግሬ ሄጄ «ሞተሪኖ» ብል ማን ይሰማኛል? ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን፤ የመኪና ቋንቋችን ከጣሊያን የተረፈን ነው። በእንግሊዝኛ የመመረቂያ ጽሑፍ የማዘጋጅ ሰው የሞተሪኖን የእንግሊዝኛ ስም አላውቅም። እጄን እያሽከረከርኩ፣ በአፌ ሞተር ሲነሣ የሚያሰማውን ድምፅ እያሰማሁ ለሻጩ አስረዳሁት። ሻጩ ስቆ «ስታርተር!» አለኝና ታድሶ የተሠራ አወጣልኝ። አሮጌውን ስመልስ የሚመለስልኝ መያዣም አስከፈለኝ።

ስመለስ ጋሼ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትተው፣ ቁልፎቻቸውን በፎጣ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ይዘው ቆመዋል። «ብረት በዚህ ብርድ ቆዳህን ይዞ ይቀራል፤ መሣሪያ ቤት ውስጥ ነው የሚያድር» አሉኝ። ጓንት አድርጎ ትንሽ ብሎን መያዝ አይቻልም፣ ጓንት አውልቆ ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በላይ መቆየት አይቻልም። ስለዚህ ተራ ገባን፤ አንዳችን ስንሠራ ሌላችን እጁን በሻይ ብርጭቆ ያሞቃል። የአፓርታማው ደንብ ማቆሚያው ላይ መኪና መጠገን ስለሚከለክል በባትሪ መብራት፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምንሠራው።

የዚያች መኪና ሞተሪኖ የሚፈታው ከሥር ነው። ስለዚህ በክሪክ መነሣት አለባት። ቀን ፀሐይ ያቀለጠው በረዶ አሁን መልሶ ረግቶ መሬቱ መስታወት ሆኗል። ጋሼ መሬቱን በጫማቸው ፈተኑና «ከክሪኩ ሥር የሚነጠፍ ጣውላ አለህ?» አሉ። ቤቴ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ብርዱ አጥንቴ ገብቷል፣ እሑድ እየቀረበ ነው። «ጋሼ፣ ለጊዜው ነው እኮ፣ አሥር ደቂቃ ነው» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና «እንግዲያው ስኮርታዋን አምጣ» አሉ። ተለዋጭ ጎማዋን አውጥተን ከሻንሲዋ ሥር በጎን አስተኛናት። ከዚያ ጋሼ ካርቶን አንጥፈው እስከ ደረታቸው ገቡ።

ሁለቱን ብሎኖች ፈቱ። ሦስተኛው፣ የመንገድ ጨው የበላው፣ እምቢ አለ። ዘይት አርከፈከፉበት፣ ጠበቁ፣ ቁልፉን በኃይል ሳቡት። በዚያች ቅጽበት ክሪኩ በበረዶው ላይ ተንሸራተተ። መኪናዋ ወደ ፊት ሄዳ ወደቀች።

ምን እንደጮኽኩ አላውቅም። መኪናዋ በስኮርታዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጋሼ ደረትና ከብረቱ መካከል የቀረው አንድ ስንዝር ነው። ለጥቂት ጊዜ ምንም ድምፅ አልተሰማም። ከዚያ ከሥር እንዲህ አሉ፤

«ልጄ፣ አሁን ጣውላውን አምጣ።»

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። ጣውላ ያልኳችሁ የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው። ገዝቼው ሁለት ዓመት ከካርቶኑ ሳላወጣው አልጋዬ ሥር ያስቀመጥኩት። ለምን ልገጣጥመው? ልሄድ አይደል! ካርቶኑን ቀድጄ አንዱን ጣውላ ይዤ ወረድኩ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አዲሱ ሞተሪኖ ገባ፤ መኪናዋም በአንድ ጠምዘዝ ተነሣች። እሑድ ሌሊት ጋዜጣዬን አደልኩ፤ መሥመሬም ተረፈ። ቅዳሜ ማታ ቤት ገብተን ሻይ ስንጠጣ ግን እጄ ሲንቀጠቀጥ ያዩት ጋሼ ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «አንተ ሁሉን ነገር ለጊዜው ትላለህ። ለኑሮ ይሁን። ግን ለጊዜው የሚሞት ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ለአሮጌ መኪና ባለቤቶች

ውድ አንባብያን፣ ጋሼ ያስተማሩኝንና በኋላ አንብቤ ያረጋገጥኩትን ላካፍላችሁ። ጤነኛ ባትሪ እንኳ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ኃይሉ ወደ 40 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ በዚያው ሰዓት ሞተሩ ዘይቱ ስለሚወፍር ለመነሣት የሚጠይቀው ኃይል ይጨምራል። ሞልቶ ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ ብርድ ሳይመጣ አስመርምሩት። ባዶ ባትሪ ራሱ ይረጋል፤ የረጋ ባትሪ ላይ ገመድ ማገናኘት ሊያፈነዳው ይችላል። በገመድ ስታስነሡም የመጨረሻዋ ጥቁር ገመድ የምትታሰረው ከደከመው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ካለ የሞተር ብረት ላይ ነው።

አዲስ አበባ ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ እንሞላ ነበር። እዚህ ግን ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ስለሚያብጥ ሞተሩን ይሰነጥቃል። አንቲፍሪዝና ውሃ እኩል ሲቀላቀሉ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይችላሉ። «ብዙ ከጨመርኩ ይሻላል» ብሎ አንቲፍሪዙን ብቻውን መሙላት ግን ስሕተት ነው፤ ብቻውን በ13 ዲግሪ ከዜሮ በታች ገደማ ይረጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክሪክ ብቻውን በያዘው መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። መደገፊያ ይኑር፣ ከክሪኩ ሥር ጣውላ ይኑር፣ ከአጠገባችሁም ሰው ይኑር።

ያቺ መኪና «ስድስት ወር» የተባለችው ስድስት ዓመት አገለገለችኝ፤ በ2014 ሸኘኋት። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል፤ ዛሬም ስልክ ስደውል መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ባትሪዬን ነው። መደርደሪያውን ያን ሳምንት ገጣጠምኩት። ከታች ያለው ጣውላ ላይ የክሪኩ ክብ ምልክት አልለቀቀም፤ መዝገበ ቃላቶቼን ያስቀመጥኩት በእሱ ላይ ነው።

የእናንተስ መኪና ቁልፍ ስትጠመዝዙ «ቀጭ» ትላለች? እንግዲያውስ ዛሬ ተመልከቷት። ቸር ይግጠመን።