የቶሬ አርጀንቲና ድመቶች ቀለብ

ሮም መሐል፣ ትራምና አውቶቡስ በሚተራመስበት አደባባይ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የአራት ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች ፍርስራሽ ይታያል። ስፍራው ላርጎ ዲ ቶሬ አርጀንቲና ይባላል። የአክሱም ሐውልት እስከ 2003 ቆሞበት ከነበረው አደባባይ በእግር ግማሽ ሰዓት ቢያስኬድ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዩልዮስ ቄሳር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 በጩቤ ተወግቶ የሞተው እዚሁ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ጎብኚ አጥሩን ተደግፎ ቁልቁል የሚያየው ድመቶቹን ነው።

ፍርስራሹ በ1929 ተቆፍሮ ለሕዝብ ከታየ ወዲህ መኪና የማይደርስበትን ይህን ጉድጓድ ድመቶች ቤታቸው አድርገውታል። ምግብ የሚያመጡላቸው የሰፈር ሴቶች ‹ጋታሬ› ይባላሉ፤ ዝነኛዋ ተዋናይት አና ማኛኒም አንዷ እንደነበረች ይነገራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሊያ ዴኬልና ሲልቪያ ቪቪያኒ የተባሉ ሁለት ሴቶች ከመንገዱ ሥር ባለች እርጥበታም ክፍል ሥራውን ሲረከቡ ክፍሏ መብራትም ውሃም አልነበራትም። ሁለቱ ሴቶች የሚቀልቡት ከኪሳቸው ነበር።

የታመመች የድመት ግልገል ምን ያህል እንደምታስወጣ ያላሳደገ ሰው አይገምትም። ስትወለድ 100 ግራም ያህል ብትመዝን ነው። እናት ከሌላት ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ጡጦ ትፈልጋለች፤ የላም ወተት ያስቀምጣታል፣ ስለዚህ ለድመት የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ይገዛል። ብርድ የመታትን ግልገል ሳያሞቁ ማጥባት ሊገድላት ይችላል። እንደ ሕፃን በጀርባዋ አስተኝተው ካጠቧት ወተቱ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ስለሚችል በሆዷ ነው የምትተኛው። ሽንቷን እንኳ ብቻዋን መሽናት አትችልም፤ እናቷ በምላሷ የምታደርገውን ሰው በረጠበ ጥጥ ያደርግላታል። ዓይኗ በመግል የተጣበቀ ከሆነ ጠብታ፣ ጉንፋን ከያዛት መድኃኒት ይታከልበታል። ከሁሉም የከፋው ፓንሉኮፔንያ የሚባለው የአንጀት በሽታ ነው። ቫይረሱ ወለልና ዕቃ ላይ ለወራት ስለሚቆይ ሕመምተኛዋ ለብቻዋ ትቀመጣለች፣ የነካችው ሁሉ በበረኪና ይታጠባል። ክትባቱ ግን ርካሽ ነው።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ከየት ይመጣል? መንገዱን ያሳዩአቸው በልመና የማያፍሩ የእንግሊዝ የእንስሳት ወዳጆች ናቸው። ሴቶቹ ሙዳየ ምጽዋት አስቀመጡ፣ ጎብኚን እየጠሩ ድመቶቹን አስጎበኙ፣ ማስታወሻ ዕቃ ሸጡ። ይሁንና የጎብኚ ርኅራኄ ከአደባባዩ እስኪወጣ ድረስ ብቻ የሚቆይ ነው። ብልሃቱ የመጣው ‹የርቀት ጉዲፈቻ› ከሚሉት ነገር ነው፦ ለጋሹ አንዲት ድመት ይመርጣል፣ የተቆረጠ መዋጮ ይልካል፣ ፎቶዋና ወሬዋ ይደርሰዋል፤ ድመቷ ግን ሮም ትቀራለች። ለዚህ የሚቀርቡት ዕውሮች፣ ባለ ሦስት እግሮች፣ ያረጁ፣ ማንም ወደ ቤቱ የማይወስዳቸው ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የማልወደው ነገር አለ። ኪስ የሚያስፈታው ሁልጊዜ የግልገል ፎቶ ነው። ለእናቲቱ ማምከኛ ስጡኝ ቢሉ ግን የሚሰማ ጥቂት ነው። አንዲት ድመት በዓመት ሁለት ሦስቴ ልትወልድ ትችላለች፤ ልጆቿም ግማሽ ዓመት ሳይሞላቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። ሳያመክኑ ግልገል ማሳደግ ማለቂያ የለውም። የጣልያን ሕግ ይህንን ተረድቷል፦ በ1991 የወጣው ቁጥር 281 የጎዳና ድመትን ማንገላታት ከልክሎ፣ እንድትመክንና ወደ ነበረችበት እንድትመለስ ያዛል። የቶሬ አርጀንቲና ሴቶችም ከጅምሩ ትልቁን ድካም ያዋሉት ለዚሁ ነው።

በ2012 የቅርስ ባለሥልጣናት ከመንገዱ ሥር ያለው የድመቶቹ መጠለያ ቅርሱን ይጎዳል ብለው ሊያስነሱት ሞክረው ሳይሳካላቸው ቀረ። በ2023 ፍርስራሹ መሐል የእግረኛ መተላለፊያ ተሠርቶ ጎብኚ ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ፤ ድመቶቹም አሉ።

እንዲህ ላለ ማኅበር፣ የትም ይሁን የት፣ ልትለግሱ ስታስቡ ስንት ግልገል እንዳዳነ ብቻ ሳይሆን ስንት እናት እንዳመከነም ጠይቁ። ገንዘቡንም አንዴ ጠቀም አድርጋችሁ ሰጥታችሁ ከምትጠፉ ጥቂት ጥቂት በየወሩ ላኩላቸው፤ ቀለብ የሚገዛው በየወሩ ነውና።