ድምፅን ለማትረፍ የሰባት ሳምንት መንገድ

በመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋ አንዲት ወጣት አለች እንበል። እናቷ ድምፃቸው ከሻከረ ወራት ቢያልፍም «ጉንፋን ነው» እያሉ በዳማከሴ ሲታሹ ቆይተው፣ በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ካንሰሩ ከማንቁርት አልፎ አንገታቸው ላይ እብጠት ማውጣቱ ተነገራቸው። ሰዎቹ የምናብ ናቸው፤ ሐኪሙ ለቤተሰቡ የሚያቀርበው ምርጫ ግን የእውነት ነው።

አንደኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ እናቲቱ ከዚያ በኋላ የሚተነፍሱት አንገታቸው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው። የተፈጥሮ ድምፃቸው ይቀራል፤ ሆኖም በልምምድ ወይም አንገት ላይ በሚያዝ መሣሪያ እንደገና መናገር ይቻላል። ቀዳዳውን ስስ ነጠላ ይሸፍነዋል። ይሁንና አፍንጫ ማጣራቱን ስለሚያቆም የምድጃ ጭስና አቧራ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ገላ ሲታጠቡም ውሃ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጨረርን ከመድኃኒት ጋር መስጠት ነው። ጨረሩ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለሰባት ሳምንት፣ በጠቅላላው 35 ጊዜ ይሰጣል። አብሮ የሚሰጠው ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት የካንሰሩ ሕዋሳት ለጨረሩ እንዲሸነፉ ያግዛል፤ ነገር ግን ኩላሊትንና የመስማት ችሎታን ሊጎዳ ይችላል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? በ1991 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ ጥናት የማንቁርት ካንሰራቸው የገፋ 332 ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ አወዳደረ። ገሚሶቹ በቀዶ ሕክምናና በጨረር፣ ገሚሶቹ አስቀድሞ በመድኃኒት ከዚያም በጨረር ታከሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን በሕይወት የነበሩት 68 በመቶ ሲሆኑ፣ ከመድኃኒቱ ወገን 64 በመቶ የሚሆኑት ማንቁርታቸው ተርፎላቸዋል። ልብ በሉ፣ በቀዶ ሕክምና የታከሙትም ጨረር ተሰጥቷቸዋል። ቢላዋን የመረጠ ከጨረር ይድናል ማለት አይደለም።

ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። ካንሰሩ የማንቁርቱን አጥንት መሰል ክፍል ሰብሮ ከወጣ፣ ወይም ምግብ ወደ ትንታ ከተለወጠ፣ ቀዶ ሕክምናው ይመረጣል። የምላስና የአፍ ካንሰር ሲሆንም በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና ይቀድማል፤ ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ግን ዋና መድኃኒቱ ጨረር ነው።

የጨረር ጠላቱ መቋረጥ ነው። መሐል ላይ ሳምንት ከጎደለ ካንሰሩ ፋታ አግኝቶ እንደገና ያድጋል። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከመቐለ ወደዚያ መሄድ 780 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጊዜ ደግሞ ይህ መንገድ ለብዙ ሕሙማን ተዘግቶ፣ በዓይደር ሆስፒታልም የካንሰር መድኃኒት ጠፍቶ እንደነበር አይዘነጋም።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊዋ እንመለስ። እናቷን ማን ያስታምም? ሕመሙ የሠራተኛዋ የራሷ ቢሆን ኖሮ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሹን ይፈቅድላት ነበር። ለማስታመም ግን ያላት የዓመት ፈቃዷ ነው፤ እርሱም በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ለከባድ ችግር ያለ ክፍያ እስከ አምስት ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይጨመራል። በሳምንት ስድስት ቀን የምትሠራ ከሆነ ሰባቱ ሳምንታት 42 የሥራ ቀን ናቸው። ሁሉ ቢደመር እንኳ 26 ነው! እንግዲህ ቀሪውን ወንድም ወይም እህት ካልተካፈለው ሥራዋ ወይም ሕክምናው ይቋረጣል። በእኛ ቤት ደግሞ ወንድም መጨረሻ ላይ ነው የሚታሰበው።

ማስታመሙም ቀላል አይደለም። ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ አፍና ጉሮሮ ይቆስላል፣ ምራቅ ይደርቃል። በበርበሬ የተሠራ ወጥ አይታሰብም፤ ጥሕሎም አይዋጥም። ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ወተትና በደንብ የተመታ እንቁላል ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ይሰጣል። ክብደት በጣም ከቀነሰ ሐኪሙ በቱቦ እንዲመገቡ ሊያዝ ይችላል። የተበላሸ ጥርስ ካለ ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ይነቀላል፤ ከጨረር በኋላ የተነቀለ ጥርስ የመንጋጋው አጥንት እንዳይድን ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ ትኬት ከመቆረጡ በፊት የጥርስ ሐኪም ዘንድ መድረስ ይገባል።