«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

ሙጃ ላይ፣ በላስታ ደጋ፣ ባሕር በወሬ ብቻ የሚታወቅ ነገር ነው። ያም ሆኖ አገራችን ለሠላሳ ዓመት ገደማ ስሟን ያነገበች አንዲት ትልቅ መርከብ ነበረቻት። ታሪኳ ለደጋ ሰውም ቢሆን መታወቅ ይገባዋል።

የተሠራችው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት ነው። ጥቅምት 1942 እ.ኤ.አ. ውሃ ላይ ወረደች፤ ጥር 1944 ሥራ ጀመረች። የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነበር፤ በአላስካ ካለ የባሕር ወሽመጥ የተወሰደ ነው። መድፍ ብትታጠቅም ዋና ሥራዋ ውጊያ አልነበረም። ውሃ ላይ የሚያርፉ የጦር አውሮፕላኖችን ነዳጅ ትሞላለች፣ ትጠግናለች፣ አብራሪዎቻቸውንም ታበላለች፣ ታሳድራለች። በፊሊፒንስ ዘመቻ፣ በሌይቴና በሊንጋየን ባሕረ ሰላጤዎች፣ ይህንኑ ስትሠራ ቆየች።

አሜሪካ በ1960 እ.ኤ.አ. ከአገልግሎት አስወጣቻት። በጥር 1954 ዓ.ም. ደግሞ ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በውሰት ተሰጠች፤ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና የእጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። ለዚህ ሥራ ከእሷ የተሻለ ማግኘት የሚቻል አይመስለኝም። የራሷን ባሕረኞችና እንግዳ አብራሪዎችን አንድ ላይ እንድታሳድር ስለተሠራች ከ350 በላይ ሰው ትይዛለች፤ አብራሪው በተኛበት አልጋ ተማሪው ተኛ። 95 ሜትር የምትረዝመው መርከብ ውሃ ውስጥ የምትጠልቀው 4 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ጥልቀት ወደሌለው ወደብም ትገባለች። ኖርዌይም የዚችኑ መርከብ እኅት በ1958 እ.ኤ.አ. ወስዳ የማሠልጠኛ መርከብ አድርጋታለች፤ የእኛን ባሕር ኃይል በማሠልጠን ከረዱት መካከልም ኖርዌያውያን መኮንኖች ነበሩ።

ባሕር አይተው የማያውቁ የደጋ ልጆች በኮከብና በካርታ አቅጣጫ መለየትን፣ ሞተር መጠበቅን፣ በማዕበል መካከል ተረኛ ሆኖ መቆምን የተማሩት በእሷ ላይ ነው። በምጽዋ ይከበር በነበረው የባሕር ኃይል በዓልም ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ከውጭ አገር የጦር መርከቦች ጋር ትሰለፍ ነበር። እኔ ግን ከሰልፉ ይልቅ ትምህርቱን አከብራለሁ፤ የማዘዝን ልማድ የተማረ መኮንን ከመርከብ በላይ ውድ ነው።

ኢትዮጵያ በ1976 እ.ኤ.አ. መርከቧን ገዝታ የራሷ አደረገቻት። ነገር ግን በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ተያዘች። በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ መርከቧ ባሕረኞቿን ይዛ ወደ የመን ተሻገረች፤ ከዚያም አልተመለሰችም። በ1993 እ.ኤ.አ. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።