የአቶ ስብሐት መጽሐፍና የደባርቅ ብርድ

በደባርቅ ምሽት ብርዱ ከሰሜን ተራሮች ሲወርድ፥ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ወደ አረቄ ቤት ጐራ ቢል የሚነቅፈው የለም። «ለብርድ ነው» ይላል፤ እኛም እውነት ነው እንላለን። ከዳባት ተዛውሮ የመጣ አንድ ወዳጄም እንዲሁ ይል ነበር። አንድ ቀን ግን የአረቄ ቤቱ ባለቤት ጠራችኝና፥ «ወንድሜ፥ ያን ልጅ እኮ በቀትርም ይበርደዋል፤ ምን ሆኖ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ከባልደረቦቹ መካከል ይህን የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ጭምር አልጠየቅሁም።

ይህ ነገር የአቶ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን «ሌቱም አይነጋልኝ» የተባለ ልብ ወለድ አሳሰበኝ። አቶ ስብሐት በ1928 ዓ.ም. በዓድዋ አቅራቢያ ተወልደው በየካቲት 2004 ዓ.ም. ያረፉ ደራሲና ጋዜጠኛ ነበሩ። ይህን መጽሐፍ የጻፉት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፥ የሚተርከውም በአዲስ አበባ በውቤ በረሃ ስለሚኖሩ የመጠጥ ቤት ሴቶችና ስለ ደንበኞቻቸው ሌሊት ነው። የሰሜን ሰው ውቤ ሲባል በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሣ የተሸነፉትን ደጃዝማች ውቤን ያስባል፤ ሰፈሩ ግን የተጠራው በሌላው ውቤ፥ በደጃዝማች ውቤ አትናፍ ሰገድ ስም ነው።

የመጽሐፉ አነጋገር ያለ ሽፋን ስለሆነ ሳንሱር አላሳለፈውም። ለብዙ ዓመታት በእጅ ጽሑፍ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ሲዘዋወር ኖሮ፥ የቅድመ ሕትመት ምርመራ በ1985 ዓ.ም. ከቀረ በኋላ ሙሉ መልኩን ይዞ ለሕትመት በቃ። በፈረንሳይኛም ተተርጕሟል።

ስለዚህ መጽሐፍ ሁለት ስሕተት ይነገራል። አንዳንድ ታላላቆቻችን ብልግና ነው ብለው ይዘጉታል። አንዳንድ ተማሪዎች ደግሞ ደራሲው መጠጥና ጫታቸውን አለመደበቃቸውን አይተው፥ ብዕር ያለ ብርጭቆ አይሰላም ይላሉ። ነገር ግን አቶ ስብሐት በጋዜጣና በመጽሔት ለረዥም ዘመን የጻፉ፥ በኩራዝ አሳታሚ ድርጅትም የሌሎችን ድርሰት ያረሙ ሠራተኛ ነበሩ። መጽሐፉን ያቆመው መጠጡ ሳይሆን ጆሯቸው ነው፤ ሰው ንቆ የሚያልፋቸውን ሴቶች ቁጭ ብለው አዳምጠዋልና። ርእሱም ቢሆን የደስተኛ ሰው ንግግር አይደለም። ሌሊቱ አልነጋ ያለው ሰው የታመመ ሰው ነው፤ ሕመምተኛ ደግሞ ስድብም ጭብጨባም አይፈውሰውም።

ወዳጄን ይዤ ወደ ጎንደር ወርጄ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ አቅርቤዋለሁ። ድኗል ለማለት ጊዜው ገና ነው፤ ቀጠሮውን ግን አያጓድልም። እናንተም አንባቢዎቼ፥ ጓደኛችሁ «ለብርድ ነው» ሲላችሁ አብራችሁ አትሣቁ፤ በቀትር ፈልጉትና እንዴት እንዳደረ ጠይቁት።