መኪናው ከሥራው ሲቀድም
ስክሪን ፕሪንት ለመክፈት ለሚያስቡ ሁሉ

አንባቢ ሆይ፤ በልብስ ሣጥንዎ ውስጥ የትምህርት ቤትዎ፣ የእግር ኳስ ቡድንዎ ወይም የመሥሪያ ቤትዎ ስም በደረቱ ላይ የታተመበት አንድ ቲሸርት አይጠፋም። እስቲ አውጥተው ጽሑፉን በጣትዎ ይዳስሱት። ከጨርቁ ጥቂት ከፍ ብሎ እንደ ቀጭን ጎማ ሆኖ ከተሰማዎ፣ የታተመው ስክሪን ፕሪንት በሚባለው ጥበብ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሥራ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ብዙ ወጣቶችን ያጓጓል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ለመጀመር ሰፊ ፎቅ አይጠይቅም፤ ረጅም ዘመን ትምህርትም አይጠይቅም። ከ2001 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ በየዓመቱ በሚካሄደው በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ቀን፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ አደባባዩን ሲሞላው ያየ ሁሉ፣ «ይህን የሚያትም ሰው ምን ያህል ያገኝ ይሆን?» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ወጣት ጸሐፊ፣ ትምህርቱን የጨረሰውም ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ዕቁብ ይጥላል፤ ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና የብድር ማኅበር ይበደራል፤ በመጨረሻም መኪና ይገዛል።

የዛሬው ጽሑፋችን ጉዳይ ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው። የማተሚያ ሱቅ ባለቤቶች፣ በየትኛውም አገር ቢሆን፣ ሲገናኙ ከሚያነሡት ወሬ አንዱ «ምነው ባልገዛሁት ኖሮ» የሚሉት ዕቃ ወሬ ነው። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ሰው ግን፣ ባለቤታቸውን ከሚያስቆጩት መኪናዎች ብዙዎቹ በራሳቸው ክፉዎች አይደሉም። ጥፋታቸው ከሥራው ቀድመው መምጣታቸው ነው፤ ወይም ደግሞ የሱቁን ደካማ ጎን ትተው ቀድሞ የበረታውን ጎን ማበርታታቸው ነው።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

ይህን ለመረዳት የሥራውን አካሄድ በአጭሩ ማወቅ ይበቃል። በአራት ማዕዘን ፍሬም ላይ እንደ ወንፊት የተሸመነ ስስ ጨርቅ ተወጥሮ ይታሰራል። ቀድሞ ይህ ጨርቅ ሐር ነበረ፤ ዛሬ ፖሊስተር ነው። በወንፊቱ ላይ ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር ኢመልሽን የሚባል ፈሳሽ በጨለማ ይቀባል። ከደረቀ በኋላ ሥዕሉ በጥቁር የታተመበት ፊልም ይደረግበትና መብራት ይበራበታል። ብርሃን ያገኘው ይጠነክራል፤ ጥቁሩ የከለለው በውሃ ይታጠባል። እንግዲህ ቀለሙን በጎማ ሲገፉት፣ በታጠበው ቀዳዳ ብቻ እያለፈ ጨርቁ ላይ ያርፋል። ለያንዳንዱ ቀለም አንድ ስክሪን ያስፈልጋል። በመጨረሻም የታተመው ልብስ በእሳት ሙቀት «ይበስላል»።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ሳይመን በማንቼስተር የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት በ1907 ነበር። እንደ መንኰራኵር እየዞረ ብዙ ቀለም የሚያትመውን የልብስ መኪና ደግሞ አሜሪካዊው ማይክል ቫሲላንቶን በ1960 መሥራት ጀምሮ በ1969 የፈጠራ መብቱን አገኘ። ዛሬ በየሱቁ የሚታየው ባለ ብዙ ክንድ መኪና የዚያ ዘመድ ነው።

ስለዚህ ሥራው ሦስት ደረጃ አለው፤ ስክሪን ማዘጋጀት፣ ማተም፣ ማብሰል። እነዚህን ሦስቱን ያስታውሱ፤ ጸጸቱ ሁሉ የሚመጣው ከሦስቱ አንዱን ከመርሳት ነውና።

አንድ ምጣድና አሥር አቡኪ

የመጀመሪያው ጸጸት ትልቁ መኪና ነው። ደንበኛ ወደ ሱቅ ሲገባ የሚያየው ማተሚያውን ነው፤ ማድረቂያው በጓዳ ነው። ስለዚህ አዲስ ባለ ሱቅ ገንዘቡን ሁሉ በማተሚያው ላይ ያፈስሳል። ዳሩ ግን አንዲት ምጣድ ላላት ሴት አሥር አቡኪ ቢቀጠርላት እንጀራው አይበዛም። ለምሳሌ በሰዓት 400 ቲሸርት የሚያትም አውቶማቲክ መኪና ገዙ እንበል። ማድረቂያዎ በሰዓት 60 ብቻ የሚያበስል ከሆነ፣ ከሱቅዎ የሚወጣው 60 ነው። ለቀረው 340 የከፈሉት ገንዘብ ከብረቱ ጋር ቆሞ ይቀራል።

ሌላም ስሌት አለ። አንድ የሠፈር ቡድን በአራት ቀለም 40 ቲሸርት አዘዘ እንበል። አራቱን ስክሪን አዘጋጅቶ ቀለማቱን እርስ በርስ ለማግጠም ሁለት ሰዓት፣ በእጅ ለማተም አንድ ሰዓት ቢፈጅ፣ በድምሩ ሦስት ሰዓት ነው። አውቶማቲኩ ሕትመቱን በ10 ደቂቃ ቢጨርሰው እንኳ፣ ዝግጅቱ ያው ስለ ሆነ ጠቅላላው ሁለት ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይሆናል። ትልቁ መኪና የሚያተርፈው 50 ደቂቃ ብቻ ነው። ትእዛዙ 2,000 ቢሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። እንግዲህ መኪናው ደግ ወይም ክፉ የሚሆነው በሚመጣልዎ ትእዛዝ መጠን ነው ማለት ነው። አብዛኛው ደንበኛዎ በአንድ ወይም በሁለት ቀለም የሚያሳትም ትምህርት ቤትና ማኅበር ከሆነ፣ ስምንት ክንድ ያለው መኪና ስድስቱን ክንድ አቧራ ያለብሳል።

መኪናው ቆሞ ቢውል ደግሞ ብድሩ አብሮት አይቆምም።

ከላይ ያረረ፣ ከውስጥ ያልበሰለ

ሁለተኛው ጸጸት የሙቀት ነገር ነው። በልብስ ላይ በብዛት የሚታተምበት ፕላስቲሶል የሚባለው ቀለም እንደ ውሃ ቀለም በነፋስ አይደርቅም፤ ይበስላል እንጂ። የተለመደው ዓይነት ከላይ እስከ ታች 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መድረስ አለበት። ዋጋው የረከሰ ትንሽ ማሞቂያ አንዱን ጥግ ያሳርራል፤ ሌላውን ጥሬ ይተዋል። ላዩ ሲነካ የደረቀ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ከላይ አርሮ ከመሐል እንዳልበሰለ ድፎ ዳቦ ነው። ደንበኛው ለብሶት ይሄዳል፤ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ጽሑፉ ይሰነጠቅና ይረግፋል። ገንዘብ ይመለሳል፤ ስም ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

በውሃ የሚሠራው ቀለም ደግሞ ሌላ ነገር ይፈልጋል። መጀመሪያ ውሃው ተንኖ ማለቅ ስላለበት፣ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ጊዜና የሚነፍስ አየርም ይሻል። ስለዚህ ማድረቂያ ከመግዛትዎ በፊት በየትኛው ቀለም እንደሚሠሩ ይወስኑ። ሻጩም በዚያው ቀለም የታተመ ጨርቅ በዐይንዎ ፊት እንዲያበስልልዎ ይጠይቁት፤ ጨርቁንም ወደ ቤት ወስደው ደጋግመው ያጥቡት። ሲለጥጡት ጽሑፉ ከተሰነጠቀ አልበሰለም።

መብራቱን ያልጠየቀ

ሦስተኛው ጸጸት ከግድግዳው ሶኬት ይጀምራል። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው መኪና ግን ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠራ ነው። «ትራንስፎርመር ይገዛለታል» ይባላል፤ ለማሞቂያው ክፍል እውነት ነው። ነገር ግን ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይለውጥም፤ በሄርዝ የሚመራ ሞተርም ፍጥነቱ በስድስት አንድ ይቀንሳል። ትላልቆቹ አውቶማቲኮችና ባለ ሰንሰለት ማድረቂያዎችም ብዙውን ጊዜ 380 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይሻሉ። በተከራዩት ቤት ይህ መስመር መግባት አለመግባቱን ሳይጠይቁ መኪና ማዘዝ፣ በር ሳይለኩ አልጋ እንደ መግዛት ነው።

ከዚህም በላይ የከፍታ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በአየር ግፊት የሚሠራውን አውቶማቲክ የሚመግበው ኮምፕሬሰር ፋብሪካው በወረቀት የጻፈውን ያህል አየር አይሰጥም፤ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ተራ ጄኔሬተርም ጉልበቱ ይቀንሳል። መጠኑን ልክ በልክ የገዛ ሰው ሁለቱንም ዳግመኛ ይገዛል።

ርካሹ፣ አሮጌውና አዲሱ

ይህን ስንል ትንሹንና ርካሹን ይግዙ ማለታችን አይደለም። ክንዱ የሚወዛወዝ ቀጭን የእጅ ማተሚያም ያስቆጫል፤ ሁለተኛው ቀለም ከመጀመሪያው ጋር አልገጥም ብሎ ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲያበላሽ ይውላል። ከዚህ ይልቅ ወፍራም ብረት ያለው፣ መገጣጠሚያው ያልላላ አሮጌ የእጅ ማተሚያ ይሻላል፤ የሚሰበርበትን ነገር ብረት በያጅ ይጠግነዋልና። አሮጌ አውቶማቲክ ግን ሌላ ነው። የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው ሲቃጠል ጠጋኙም መለዋወጫውም በአገር ውስጥ ካልተገኘ፣ ያ መኪና «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከኮምፒዩተር በቀጥታ በፊልም ላይ አትሞ ወደ ልብስ የሚያሻግር መኪና መጥቷል። ለጥቂት ቲሸርትና ብዙ ቀለም ላለው ሥዕል ትልቅ ጥቅም አለው። ሆኖም ነጩ ቀለሙ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ከባድ ዱቄት ስላለበት፣ ካልተንቀሳቀሰ ይዘቅጣል፤ ቀለም መርጫውንም ይደፍናል። የእጅ ማተሚያ ሥራ ሲጠፋ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ይህ መኪና ግን እንደ ታለበች ላም በየቀኑ የሚያያት ይፈልጋል። ትእዛዝ በወር አንድ ጊዜ የሚመጣለት ሰው የገዛው እንደ ሆነ፣ ከሥራው ይልቅ እጥበቱ ይበዛበታል።

ማንም የማይጸጸትባቸው

ደግነቱ፣ የማያስቆጩት ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ ትናንሾቹ ናቸው። ከእንጨት ፍሬም ይልቅ አሉሚኒየም ይግዙ፤ እንጨት በየጊዜው ሲታጠብ ይጣመማል፤ ወንፊቱም ይላላል። በሴንቲሜትር 43 ክር ያለውን ለወፍራም ፊደል፣ 90 ክር ያለውን ለስስ መስመር ይያዙ። ጠርዙ ያልተበላ የቀለም መግፊያ ጎማ፣ ቀለሙን ነክቶ የሚለካ የሙቀት መለኪያ፣ ስክሪን የሚታጠብበት ሰፊ ገንዳ ቀላል ነገሮች ይመስላሉ፤ ግን የሕትመቱን ጥራት የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። የብርሃን ሣጥንም አይናቁ። ብዙዎች ስክሪናቸውን በፀሐይ ይመታሉ፤ በበጋ ይሆንላቸዋል። በክረምት ግን ደመና በመጣ በሄደ ቁጥር ልኩ ስለሚለወጥ፣ አንዱ ስክሪን ይታጠብባቸዋል፤ ሌላው ደርቆ አልከፈትም ይላቸዋል።

ከመፈረምዎ በፊት

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ የሽያጩን ውል ከመፈረምዎ በፊት አራት ጥያቄ ይጠይቁ።

አንደኛ፤ ከሦስቱ ደረጃዎች ሥራዬን የሚያዘገየው የቱ ነው? ሁለተኛ፤ ይህ መኪና የሚበላው ሥራ ዛሬ በእጄ አለ ወይስ ይመጣል ብዬ ነው? ሦስተኛ፤ መብራቱ፣ ቦታውና በሩ ይበቁታል? አራተኛ፤ በተበላሸ ቀን የሚጠግነው ማን ነው? ቀለሙስ ከየት ይመጣል?

ይህ የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ አይደለም። ቀለሙ፣ ኢመልሽኑና ወንፊቱ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጡ ናቸው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። አንድ ኩባንያ ብቻ የሚሸጠውን ቀለም ካልሆነ አልሠራም የሚል መኪና የገዛ ሰው፣ እንዲህ ባለው ጊዜ ሌላ ምርጫ የለውም።

ትልቅ ትእዛዝ በድንገት ቢመጣብዎ አይደንግጡ፤ መኪናም አይግዙበት። ትልቅ ማተሚያ ላለው ሰው ሰጥተው ያሳትሙ፤ ትርፉን ይካፈሉ። እንዲህ ያለው ትእዛዝ በየወሩ እየተመላለሰ ሲያስቸግርዎ፣ ያን ጊዜ የሚገዙት መኪና በመጣበት ቀን ሥራ ይዞ ይጀምራል። የዕቁብና የብድር ገንዘብ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ዋስ የሆነው ጓደኛም፣ ቤት ያለው ቤተ ሰብም ድርሻ አላቸው። አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለወጥ ብቻ አይደለም።