የጥብጣብና የነጠላ ጫፍ እንዳይዘረዘር

የጥምቀት በዓል ሲቃረብ በጎንደር ከተማ በየሱቁ ደጃፍ ጥብጣብ በጥቅል በጥቅሉ ተንጠልጥሎ ይታያል። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሆነው ለበዓሉ ማድመቂያ፣ ነጭና ሮዝ የሆነው ለሴቶች ልጆች ጸጉር ማሰሪያ ይሸጣል። ይሁን እንጂ በከተራ ዕለት፣ ጥር 10 ቀን ጠዋት የታሰረ ጥብጣብ፣ ታቦታቱ ከአፄ ፋሲለደስ መዋኛ ሳይደርሱ ጫፉ ተዘርዝሮ የፍየል ጢም መስሎ ይገኛል። እናቶችም ጥፋቱን በነጋዴው ላይ ሲያሳብቡ ይሰማል። ጥብጣቡ ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ ያለው ከአቆራረጡ ነው።

እንደሚታወቀው በሽመና የተሠራ ነገር ሁሉ ከድርና ከማግ የተገኘ ነው። በጥብጣቡ ግራና ቀኝ ጠርዝ ማጉ እየደረሰ ስለሚመለስ ድሩን አስሮ ይይዘዋል። መቀስ በመካከል ሲያልፍ ግን በተቆረጠው ጫፍ ላይ የቀረውን ማግ የሚይዘው ነገር የለም። አንድ በአንድ ይረግፋል፤ ድሩም ይበተናል። ስለዚህ መጀመሪያ መቀሱ የተሳለ ይሁን። ሁለተኛ፣ ጥብጣቡን ቀጥ አድርጎ ከመቁረጥ ይልቅ ሰያፍ፣ ወይም ሁለት አጥፎ እንደ ወፍ ጅራት መቁረጥ መዘርዘሩን ይቀንሰዋል። ሰያፍ መቁረጥ ብቻውን ግን ለአንድ ቀን በዓል እንጂ ለዘወትር አይበቃም።

ብዙዎች የሚያውቁት ዘዴ በሻማ ማስያዝ ነው። ይህ የሚሠራው ለናይሎንና ለፖሊስተር ብቻ መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ለመለየት ከጥብጣቡ አንዲት ክር መዝዞ በብረት ሳህን ላይ ማቃጠል ነው። ክሯ ተኮማትራ ጠንካራ ዶቃ ከሠራች ትቀልጣለች ማለት ነው። እንደ ወረቀት ሸትታ ለስላሳ አመድ ከሆነች ጥጥ ወይም የጥጥ ዘመድ ናት፤ እሳት ያከስላታል እንጂ አይዘጋትም። የሚቀልጠውንም ቢሆን ነበልባሉ ውስጥ መክተት አይገባም። ከነበልባሉ ጎን፣ ከታች ሰማያዊ ሆኖ ከሚታየው ክፍል አጠገብ ለአንድ አፍታ አስጠግቶ መመለስ ይበቃል። ቢጫው ጫፍ ጥቀርሻ ያስይዛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለልጇ ጥብጣብ ስታዘጋጅ፣ ቸኩላ አንዱን ጫፍ ለልጅቱ አስይዛ ሌላውን በሻማ ትዘጋ ነበር። የቀለጠች ጠብታ በልጅቱ እጅ ላይ ወደቀች። እናት በድንጋጤ ጠብታዋን ስትልጥ ቆዳም አብሮ ተነሣ። ጎረቤት የጥርስ ሳሙና ይዛ ደረሰች። ሁለቱም ስሕተት ነበር። የተጣበቀውን ሳይነኩ ቦታውን በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማቆየት፣ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አለመቀባት፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነበር የሚገባው። ጠባሳው አሁንም አለ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ጥብጣብ በሻማ የሚያዘው ልጆች ከተኙ በኋላ ነው።

እሳት ለማይወዱ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ጫፉን በስሱ መቀባት ይቻላል፤ እስኪደርቅ ከሻማና ከምድጃ መራቅ አለበት። በልብስ ላይ ለሚሰፋ ጥብጣብ ግን ከመርፌ የሚሻል የለም። ጫፉን ሁለት ጊዜ አጥፎ መቀምቀም፣ ወይም በእጅ መዘምዘም በቂ ነው።

ወደ ነጠላና ጋቢ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ጥብጣብ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። የአቅራቢዋ እናት የሚኖሩት ብርዱ በሚበረታበት በደባርቅ ነው። ጥጡን ራሳቸው ዳምጠው፣ አባዝተው፣ በእንዝርት ፈትለው ለሸማኔ የሰጡት ጋቢ ተሠርቶ ሲመጣ፣ ታናሽ እህት ደስ ልታሰኛቸው ብላ ሳይቋጭ አጠበችው። በሁለቱም ጫፍ ማጉ አንድ ጣት ያህል ወጥቶ ዘርፉ እንደ ቁጥቋጦ ተጠላለፈ። እናት ክፉ ቃል አልተናገሩም። የላላውን ማግ አንድ በአንድ መዝዘው፣ ዳርቻውን አስተካክለው፣ በሁለት ምሽት ቋጩት። ጋቢው ትንሽ አጠረ እንጂ ዛሬም ይለበሳል።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ጋቢውን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከባድ ዕቃ ጫኑበት። ከዘርፉ ስምንት ክር በአንድ ወገን፣ ስምንት በሌላ ወገን ይዘው፣ ጣታቸውን በውኃ አርጥበው ሁለቱንም ለየብቻ ወደ ቀኝ ገመዱ። ከዚያም ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው ወደ ግራ መልሰው ገመዱና ጫፉን ቋጠሩ። ምስጢሩ በዚህ መመለስ ላይ ነው፤ አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላው ይጠብቃል። ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ የገመደች ሴት ጣቷን ስታነሣ ሥራዋ ይፈታባታል። የፋብሪካ ድር ለስላሳ በመሆኑ ከእጅ ፈትል ይልቅ ጠበቅ ተደርጎ መገመድ አለበት።

ጊዜ የሌላት ሠራተኛ እናት ለምትቋጭ ሴት ከፍላ ታሠራለች። ዋጋውን ለሁለቱም ጫፍ መሆኑን ጠቅሶ አስቀድሞ መነጋገር ጠብን ያስቀራል። ነጠላው ሲያምር የሸማኔው ስም ይነሣል፤ የቋጪዋን ማን ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አልታየም። የምሽቶች ሥራ መሆኑን አይቶ መክፈል ይገባል።

የተቋጨውም ቢሆን አያያዝ ይፈልጋል። ለቅሶ ቤት ነጠላ ሲዘቀዘቅ ዘርፉን ጣት ላይ እየጠቀለሉ መሳብ ልማድ ስለሆነ ቋጠሮው ይላላል። ሲታጠብ ዘርፉን በክር ሰብስቦ ማሰር፣ ሲጨመቅም ጫፉን አለመጠምዘዝ ይሻላል። የሚሰጣው ከመካከሉ እንጂ ከዘርፉ ተይዞ አይደለም። ሲደርቅ የላላ ካለ፣ ክሩ ሳይበተን በዚያው ምሽት እንደገና መግመድ ነው።